ለአክስቴ አንዲት አውሮፕላን

ፎቶ አንሺ ውሸታም ነው ብዬ ብጀምር የሙያ ጓደኞቼ ይቀየሙኝ ይሆን? ይቀየሙ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ስቱዲዮ ከፍቼ ሙሽራ ሳነሳ ኖሬያለሁ፤ ከእኔ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ያኮረፈችውን ሙሽራ እናስቃለን። ሰላም የማይባባሉትን አማቶች አስተቃቅፈን እናቆማለን። የኪራዩን መኪና የሙሽራው እናስመስላለን። ደግነቱ ይህን ውሸት ሰው ሁሉ ወዶና ፈቅዶ ነው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው። ጉዱ የሚፈላው እውነቱን ብቻ የሚፈልግ ደንበኛ የመጣ ዕለት ነው። ለእኔ የመጡብኝ ደግሞ የገዛ አክስቴ ናቸው።

አክስቴ ወይዘሮ ታደለች ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሀቢቾ ነው የሚኖሩት። ሴት ልጃቸው ምሕረት ባሏ ወዳለበት ደቡብ አፍሪካ ልትሄድ ቪዛ ወጣላት። በእኛ አካባቢ ይህ ብርቅ አይደለም፤ እዚያ አንድ ሰው የሌለው ቤት ካለ ዘመድ የሌለው ቤት ነው። ሽኝቱም እንደ ደንባችን ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ተጸለየላት፣ እስከ አዲስ አበባ ሚኒባስ ኮንትራት ተያዘ፣ ሰውም በወንበሩ ልክ ሳይሆን በዘመዱ ልክ ተጫነ። አክስቴ ብቻ ቀሩ። መኪና ያዞራቸዋል፤ ወራቤ እንኳ ሳይደርሱ ነፍሳቸውን አያውቁም።

በዋዜማው ስቱዲዮዬ ድረስ መጡና አንድ ነገር አዘዙኝ። ምሕረት የተሳፈረችባትን አውሮፕላን፣ ከመሬት ስትነሳ፣ አንስቼ እንዳመጣላቸው። ስትደርስ ራሷ ትደውል የለም ወይ ብላቸው «የወንድሟን ረሳኸው?» አሉኝ። ነገሩ ገባኝ፤ አፈርኩም።

ትልቁ ልጃቸው ማርቆስ የሄደ ጊዜ ደላላው ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ «እናቴ ደስ ይበልዎት፤ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ አውሮፕላን ላይ ወጣ» ብሏቸው ነበር። ጎረቤት ጠርተው ዘመሩ፣ አመሰገኑ። ልጁ ለካ በሞያሌ በኩል በጭነት መኪና ታጭቆ በየጫካው እያደረ ነው! ሰባት ወር ድምፁ ጠፋ። በሰባተኛው ወር ደወለ። ዛሬ ደህና ነው፤ ሱቅ አለው፣ ቦርጭም አውጥቷል። እናቱ ግን ከእነዚያ ሰባት ወራት ገና አልተመለሱም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? የሰው ወሬ አልፈልግም አሉ። «ፎቶ አይዋሽም» አሉኝ። ለማን? ለእኔ!

ሌሊቱን ስንጓዝ አድረን በነጋታው ጠዋት ዘመድ አዝማዱ አየር ማረፊያው በር ላይ ሲላቀስ እኔ ካሜራዬን አንግቤ በአካባቢው ወዳለ አንድ ሕንፃ ወጣሁ። ጣሪያው ላይ ካፌ አለ። ማኪያቶ አዝዤ ጥጌን ያዝኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበርና ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ መስሏል። ብርሃኑን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ቦሌም ሥራ አይፈታም፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሳል። የእኛ መናኸሪያ በገበያ ቀን እንኳ እንዲህ አይጨናነቅም። ልዩነቱ እዚያ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ አይጣራም።

ታዲያ አንድ ችግር ነበር። የሚያርፉት በእኔ በኩል ይመጣሉ፤ የሚነሱት ወደ ፀሐይዋ ይሄዳሉ። የሚያርፉት የጠዋት ብርሃን አፍንጫቸውን መቶት፣ መስኮታቸው አንድ በአንድ እየተለየ፣ ሆዳቸው እያበራ ነው የሚመጡት። በሃያ ዓመት ውስጥ ፊቷን እንዲህ አድርጋ ለብርሃን የሰጠች ሙሽራ አላጋጠመችኝም። በተለይ አንዷን ያነሳሁበትን ቅጽበት አልረሳውም። ከዚያ ምሕረት ከወንበሯ ላይ ደወለች፤ «መንቀሳቀስ ጀመርን፣ ቻው» አለች። አውሮፕላኗ ተነሳች፣ ፀሐይ ውስጥ ገባች። ሦስት ጊዜ አነሳኋት። ምን ወጣ? ወተት ውስጥ የወደቀች ዝንብ። እውነተኛዋ ግን ዝንቧ ነበረች።

ይህን ስመለከት ትከሻዬን አንድ እጅ ያዘኝ። የሕንፃው ጥበቃ ናቸው፤ ሽበታቸው የሚያስፈራ ሰውዬ። አየር ማረፊያ ማንሳት ክልክል መሆኑን አታውቅም ወይ አሉ። ከየት አውቄ? ሙሽራ ማንሳት የሚከለክል ሕግ ስለሌለ ሕግ አንብቤ አላውቅም። ያነሳኸውን አሳየኝ ሲሉ ካሜራውን ከፈትኩት፤ ከአውሮፕላኖቹ በፊት ሀደሮ ከተማ ያነሳሁት ሰርግ ወጣ። ሰውዬው ሰርጉን ከኬክ ቆረሳው እስከ ሽኝቱ አዩት። ሚዜው ከሙሽራው በልጧል ብለውም ፈረዱ። አውሮፕላኖቹ ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተቀየረ፤ ሁሉንም አጥፋ አሉኝ።

የአክስቴን ነገር ነገርኳቸው። ስለ ማርቆስ፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ሰባቱ ወራት ተናገርኩ። ጥበቃው ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። የእርሳቸውም ልጅ ቤሩት ናት። «በል አንዷን ብቻ ተውላቸው፤ ሌላውን አጥፋ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። አንዷን ምረጥ ተባልኩ። ዝንቧ አለች፤ ያቺ ብርሃን የመታት ቆንጆም አለች። ጣቴ ወደ ዝንቧ ሄደ፣ ተመለሰ። የሃያ ዓመት ስሜን ይዤ ሀቢቾ ግድግዳ ላይ ዝንብ ልስቀል? አውሮፕላን እንደሆነ አውሮፕላን ነው፤ ማን ይለየዋል? ዝንቧን አጠፋኋት።

ማታውን ሆሳዕና ገባሁ፤ ጠዋት በትልቁ አትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ሀቢቾ ወረድኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያሳስበኝ ንጋቱ ብቻ ነበር።

አክስቴ ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰዱት። ብዙ አዩት። ይቺ ናት ወይ አሉ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ ጣታቸውን ከሆዷ ሥር አሳረፉና ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ጎማዋ ነው አልኩ፤ ግንባሬን ግን ላብ አወጣው።

«እግሯን ዘርግታ ነዋ» አሉ። «ልጄ፣ ቁራ እንኳ ማሳችን ላይ ሲያርፍ ነው እግሩን የሚያወርደው። ሲሄድ ሰብስቦ ነው። ይቺ እየሄደች አይደለም፤ እየመጣች ነው።»

ደላላው ታየኝ። እዚያው በር ላይ፣ በእኔ ጫማ ቆሞ ታየኝ። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ዝንቧን፣ ጥበቃውን፣ ጣቴን፣ ትዕቢቴን። አክስቴ ሰምተው ሲጨርሱ ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። ምሕረት ለካ ትናንት ማታ ደርሳ ደውላለች! ከመስኮት ያነሳችውንም ፎቶ ልካለች፤ ግማሹ ክንፍ፣ ግማሹ የራሷ አውራ ጣት። ባሏ ተቀብሏት እራት በልተው ተኝተዋል። እፎይ! ያን ቀን የተነፈስኩትን ትንፋሽ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ታዲያ ለምን ያስጨንቁኛል ብላቸው፣ ደላላው ያኔ ዓይናቸውን እያየ እንደማለ፣ እኔ ግን ገና ስለ ጎማዋ ሲጠይቁኝ እንዳላበኝ ነገሩኝ። ይህ ሙገሳ ከሆነ ተቀብያለሁ።

ፎቶዬን አንስቼ ልሄድ ስል እጄን መቱኝ። የሄደችዋንማ ምን ያደርጉላታል? ሄዳለች። የሚፈልጉት የምትመጣዋን ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀሏት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጎረቤት ይገባል፣ ያያል፣ ይጠይቃል። ልጁን የላከ ሁሉ «ያቺን የምትመጣዋን አትምልኝ» እያለ ስቱዲዮዬን ሞላው። እኔ ያለችኝ አንዲት ናት፤ ጥበቃውም ሁለተኛ እንዳላይህ ብለዋል። አንዲቷ አውሮፕላን አሥራ አንድ ቤት ስትሰቀል ሕሊናዬ ቆረቆረኝና አክስቴን አማከርኩ። ስንት ሰው ትይዛለች አሉኝ። ወደ ሦስት መቶ ሳትይዝ አትቀርም አልኳቸው።

«አሥራ አንድ ቤት ብቻ? እንግዲያው ገና መች ሞላች!» አሉኝ። «መኪና ሳይሞላ ከመናኸሪያ ሲንቀሳቀስ አይተሃል? አትም!»