«ካልሆነስ?» ባዩ ጋሼ ኪቲላ

ሰው በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ «ካልሆነስ?» የሚል ሰው አለ። የሠርግ ድንኳን ተተክሎ ካለቀ በኋላ ካስማውን የሚነቀንቀው እሱ ነው። አውቶብስ ሊነሳ ሲል ወርዶ ጎማውን በእግሩ የሚመታውም እሱ ነው። ለእኛ፣ መቱ ላይ በሁለት ክፍል ቢሮ ፕሮግራም ለምንጽፈው፣ የደረሱን ክቡር ጋሼ ኪቲላ ናቸው፤ የጥርጣሬ ሊቀ መንበር፣ የማረጋገጥ አለቃ።

ሰው «ቡሬ ደርሻለሁ» ብሎ ቢደውልላቸው «እስቲ አጠገብህ የቆመውን ሰው የት ነን ብለህ ጠይቀው» ይላሉ። የቢሮአችን የስኳር ዕቃ ላይ «ስኳር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ጋሼ ሁልጊዜ መጀመሪያ በጣታቸው ጫፍ ይቀምሳሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስኳር ነበር። አንድ ማክሰኞ ጨው ሆኖ ተገኘ፤ የዚያን ዕለት የነበራቸው ደስታ ልጅ የዳሩ ያህል ነበር።

መቱ ላይ ጃንጥላ መያዝ ብልህነት ነው። ጋሼ ኪቲላ ግን ሁለት ይይዛሉ። «አንዱ ባይከፈት ብለው ነው» እያልን እንስቃለን።

ባለፈው ክረምት ለመናኸሪያው የዕቃ አድራሾች ማኅበር ፕሮግራም ጻፍኩ። ነገሩን ቀስ ብዬ ላስረዳ፤ በጣም ስለምወደው ታገሱኝ። የምንጽፍበት ቋንቋ ጥብቅ ነው። እያንዳንዱ ነገር ዓይነቱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ኮምፓይለር የሚባለው መርማሪም ፕሮግራሙ ገና ሥራ ሳይጀምር ያንን ያጣራል። ታዲያ ይህ ጥብቅ ቋንቋ ኢንተርፌስ የሚሉት ድንቅ ነገር አለው። ኢንተርፌስ «ማን ነህ?» አይልም፤ «ምን ትችላለህ?» ነው የሚለው። እኔ «አድራሽ» ብዬ ሰየምኩት፤ ዕቃ ተቀብሎ ማድረስ የሚችል ሁሉ ይግባ አልኩ። አውቶብስ ገባ፣ አይሱዙ ገባ፤ በቅሎም ነጂ እስካላት ድረስ ገባች። አያምርም?

ችግሩ፣ አንድ ነገር በአድራሽነት ከገባ በኋላ ፕሮግራሙ የሚያውቀው ማድረስ መቻሉን ብቻ ነው። ታርጋውን ለመጠየቅ «ይህ አድራሽ መኪና ነው» ብሎ መመስከር ያስፈልጋል። መመስከሪያው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በድፍረት መናገር ነው፤ ምስክርነቱ ሐሰት ከሆነ ፕሮግራሙ እዚያው ይወድቃል። ሁለተኛው ሁለት መልስ መቀበል ነው፤ መኪናውን፣ ከእሱም ጋር «ነው» ወይም «አይደለም» የሚል ቃል። እኔ ደፋር ነኝ፤ አንደኛውን ጻፍኩ።

ጋሼ ኪቲላ በትከሻዬ በኩል መስመሯን አነበቡ።

«ፋኦል፣ ካልሆነስ?»

«ጋሼ፣ ኮምፓይለሩ እኮ አሳልፎታል!»

«ኮምፓይለሩ ወደ ኡካ የሚወስደውን የገጠር መንገድ በክረምት አይቶታል?»

ሳቅኩ። «ዮ ታኡ ባቴ ሆ?» ብለው ያንኑ ጥያቄ በኦሮምኛ ደገሙልኝ። በሁለቱም ቋንቋ ገባኝ፤ በሁለቱም አልሰማኋቸውም።

የሦስት ወር ሥራዬ የሚፈረድበት ቀን ደረሰ። የማኅበሩ አባላት ፕሮግራሙን አይተው እጅ ያወጣሉ፤ ካልጣማቸው ዕቃ ወደሚመዘግቡበት ደብተር ይመለሳሉ፣ የእኔም ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። ሊቀ መንበሯ እትዬ ፈትለወርቅ ደብተሩን ይዘው ከአዳራሹ ፊት ተቀመጡ። የቡሬውን አውቶብስ አስገባሁ፤ ታርጋው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ወጣ። የኖፓውን አይሱዙ አስገባሁ፤ ወጣ። ደረቴን ነፋሁ።

የኡካዋ ነጋዴ እትዬ ሙላቷ እጃቸውን አነሱ። «የእኔ ጆንያ መንገዱ ሲጨቀይ በበቅሎ ነው የሚሄደው። እስቲ እሱን አሳየኝ።»

በቅሎዋን አስገባሁ። ፕሮግራሙ «ታርጋሽ?» ሊላት ሄደና ወደቀ። ግድግዳው ላይ የቀረው ቀይ ጽሑፍ ብቻ ነበር።

«ይቺ ማሽን በቅሎ አታውቅም እንዴ?» አሉ እትዬ ሙላቷ። «ወይስ በቅሎዬ ታርጋ ታውጣ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ፈትለወርቅ ደብተራቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

ከኋላ ጋሼ ኪቲላ ተነሱ። «አላልኩህም?» የሚለውን ጠበቅሁ። «እትዬ፣ ሻይ እስኪጠጣ ይታገሱን» ብቻ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። «ሁለቱንም መልስ ተቀበል» አሉኝ በሹክሹክታ። ጻፍኩ፦ መኪና ከሆነ ታርጋውን፣ ካልሆነ የነጂውን ስም። በቅሎዋ እንደገና ገባች፤ «ወደ ኡካ፣ ነጂ ሌንጮ» የሚል ወጣ።

«እሰይ! አሁን ሰው አወቀች!» ብለው እትዬ ሙላቷ አጨበጨቡ። እጆች ሁሉ ወጡ፤ የእትዬ ፈትለወርቅም ጭምር። ጋሼ ኪቲላ ብቻ አላጨበጨቡም፤ የአዳራሹን ስኳር በጣታቸው እየቀመሱ ነበር።

ስንወጣ ዝናቡ ምድርን ይደበድባል። እኔ በደስታም በጭንቀትም ባዶ እጄን ነበር የመጣሁት። ጋሼ አንዱን ጃንጥላ ከፈቱ፤ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ሁለተኛውን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው ይከፈት የለም እንዴ? ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሁለት የሚይዙት ለምንድን ነው?»

በጥያቄዬ የተገረሙ መሰሉ።

«አንተ ባትይዝስ?»