ሚዜውና ባለ ካባው ፍጡር

ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ማታ ይመስለኛል። በረከት ግን ረቡዕ ነው ይላል፤ የሚያገባው እሱ ስለነበር ቀን የሚቆጥረውም እሱ ነው። የማልጠራጠረው ይህን ብቻ ነው፦ እኛ ሰዎች የማናውቀውን ነፍሳት ስናይ ስሙን አንጠይቅም፤ ወንጀሉን ነው የምንጠይቀው። ከዚያ ልንጨፈልቀው ጫማ እናወልቃለን። እኔ ደግሞ ሳላጣራ ጫማ የማላወልቅ ሰው ነኝ።

በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በረከት ጎረቤቴ ነው። ሠርጉ ቅዳሜ፣ ሚዜው እኔ። ለምን እንደመረጠኝ ብጠይቀው «ሰዓት ስለምታከብር» አለኝ። ስለ መልኬ አንድ ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት?

ያን ማታ በረንዳው ላይ፣ አምፖሉ ሥር ባለችው ጠረጴዛ፣ አንድ ፍጡር አየሁ። ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ራሱ ጥቁር፣ ደረቱ ብርቱካናማ፣ ጀርባው ላይ የምታብረቀርቅ ሰማያዊ አጭር ካባ፣ ከካባዋ በታች እንደገና ብርቱካናማ። ለሠርጉ ከእኔ ቀድሞ የለበሰ ጉንዳን ነው የሚመስለው። በብርጭቆ ከደንኩት። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጬ ከላይም ከጎንም ፎቶ አነሳሁት። ነፍሳት ይለያል የተባለው የስልኬ መተግበሪያ ለመጀመሪያው ፎቶ «ጉንዳን»፣ ለሁለተኛው «ጊንጥ» አለኝ። ሦስተኛውን ለማሳየት ፈራሁ።

እትዬ ዘነበች መጡና አንድ ጊዜ ብቻ አይተው ፈረዱ። ሸረሪት ናት፤ ሰው ላይ ከሸናች አልማዝ ባለጭራ ታወጣለች። ያ ገላ ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞረው፣ እንደ እሳት የሚያቃጥለው ቁስል! በትሕትና፣ እትዬ፣ ሸረሪት እኮ እግሯ ስምንት ነው፣ የዚች ስድስት ነው አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ እግሯን ልትቆጥርላት ነው ያሰርካት?» አሉኝ። በረከትም ከክፍሉ ብቅ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ፊትህን እስከ ቅዳሜ አደራ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሽናበት» አለ።

ፍርዱ ተሰጥቷል፤ እኔ ግን ገና ማስረጃ ላይ ነኝ። በብርጭቆው ውስጥ ፎቶው ስለደበዘዘብኝ ብርጭቆውን ትንሽ ከፍ አደረግኩ። ትንሽ! ፍጡሩ ጣቴ ላይ ወጣ፤ ክንዴን ይዞ ሽቅብ ገሰገሰ። አንገቴ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ጥንቃቄዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ በጥፊ አልኩት። አሸሁትም።

በማግስቱ ምንም የለም። ዓርብ ጠዋት ግን ከግራ ጆሮዬ ሥር እስከ አገጬ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ መስመሩም ውኃ ቋጥሯል። እትዬ ዘነበች ሲያዩኝ ደስ አላቸው አልልም፤ «አላልኩህም?» ሲሉ ግን ድምፃቸው የሐዘን አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ በሚባለው ሰፈር ቅጠል የምትቀባ ሴት ያውቃሉ። በረከት ደግሞ ቡሹሎ ጤና ጣቢያም አለ ይላል። የተስማሙት በባጃጁ አቅጣጫ ብቻ ነበር። ጤና ጣቢያውን መረጥኩ። ነርሷ በሳሙና ታጠብ፣ አትከከው ብላ ቅባት ሰጠችኝ። ለነገ ሠርግ ይደርስልኛል ወይ ብላት፣ ለሠርግ የሚሆን ቅባት የለንም አለች።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር መፍትሔውን ያገኘው ሙሽራው ነው፤ ካሜራ በተነሣ ቁጥር ፊቴን ወደ ግራ አዞራለሁ። በግራ በኩል ያለው ሐይቅ ነው። አልበሙን ብታዩት ሁሉም ካሜራውን ሲያይ፣ ሚዜው ጀልባ ያመለጠው ይመስል ውኃ ውኃውን ያያል። የሙሽራዋ አክስት «ይሄ ሚዜ ምነው እንዲህ ኮራ?» ማለታቸውን ሰምቻለሁ።

በኋላ አጣራሁ፤ ያውም ከአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። የናይሮቢ ዝንብ ይሉታል፤ ዝንብ ሳይሆን ጥንዚዛ ነው። አይነክስም፣ አይናደፍም፣ ሸንቶም አያቆስልም። የሚያቃጥለው ነገር ያለው ደሙ ውስጥ ነው፤ ሰው ካልጨፈለቀው አይወጣም። እፍ ቢሉት ይበቃል።