ደሴቴና የውሃ ፓምፑ

አገር መምራት ቀልድ አይደለም። ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። አንድ መንግሥት፣ አንድ ከተማና አንዲት ደሴት በገዛ እጄ አስተዳድሬ ስላየሁት ነው። ያስተዳደርኳቸው ሳሎናችን ጥግ ባለው ኮምፒውተር ላይ መሆኑ የኃላፊነቱን ክብደት አይቀንሰውም። ወንበሩ ራሱ ወገብ ይቆርጣል።

ነገሩ የተጀመረው የሕንፃችን ነዋሪዎች የኮሚቴ ሊቀመንበር አድርገው የመረጡኝ ዕለት ነው። የተመረጥኩት በብቃቴ ነው። ባለቤቴ ግን ስብሰባው ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ስለወሰደኝና ሌላው ሁሉ እየተነሣ "እኔ አልችልም" ሲል ዝም በማለቴ ነው ትላለች። ያም ሆነ ይህ፣ ያለ ዝግጅት ሕዝብ መምራት ግዴለሽነት ነው። ስለዚህ የአመራር አቅሜን ለመገንባት ግዛት የማስተዳደር ጨዋታዎችን መሞከር ጀመርኩ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ንጉሥ ነበርኩ። ወታደር ብቻ ሳሠለጥን የሚያርስ ጠፋና ሠራዊቴ ጠላት ሳያይ በረሃብ አለቀ። በሁለተኛው ከንቲባ ሆንኩ። ከተማዋን መንገድ በመንገድ አድርጌያት ቤት መሥራቱን ረሳሁት። ማንም በማይሄድበት አስፋልት ላይ የትራፊክ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ ግን እንዴት እንደሚያምር! ሦስተኛዋ ደሴቲቱ ናት፤ የአመራርን ምሥጢር ያገኘሁት እዚያ ነው። የተበላሸን ነገር ሕዝብ ሳይጮህ ከጠገንከው ማንም ልብ አይልህም። እስኪበቃው ጮኾ የምርጫው ዋዜማ ላይ ስትጠግንለት ግን የእርካታው መለኪያ ሽቅብ ይተኮሳል። በዚህ ጥበብ ደሴቲቱ ላይ ደጋግሜ ተመረጥኩ።

እንግዲህ ጥበቤን ወደ መሬት ማውረድ ሲቀረኝ፣ ውሃ ወደ ላይኞቹ ፎቆች የሚገፋው ፓምፓችን ቀጥ አለ። የኮሚቴው ምርጫም ተቃርቦ ነበር። አጋጣሚው የተባረከ ነው አልኩ።

መጀመሪያ የመጣችው ከላይ ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ የተሰካበት ሽርጧን እንደታጠቀች በራችን ላይ ቆመች።

"ሊቀመንበር፣ እኛ ጋ እኮ ጠብ የሚል ውሃ የለም።"

"ጉዳዩን በቅርበት እየተከታተልነው ነው፣ እትዬ።"

"ማነው የሚከታተለው?"

"ኮሚቴው ነዋ።"

"ኮሚቴው አንተ አይደለህ እንዴ?"

"በመርህ ደረጃ፣ አዎ።"

አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ያለውን ኮምፒውተር አየች። "እሱ ደግሞ ምንድነው?"

"ደሴት ነው።"

"እዚያ ውሃ አለ?"

"ዙሪያውን ባሕር ነው።"

"ታድለው!" አለችና ባዶ ባልዲዋን እያንኳኳች ወረደች።

እውነቱን ለመናገር ሥራው የሚጠይቀው ለፓምፕ ጠጋኙ አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነበር። ግን ስትራቴጂ አለኝ። ባለቤቴ ከምድር ቤት ቧንቧ የሞላችውን ጀሪካን እየጎተተች፣ እያለከለከች ገባች።

"አንተ ሰውዬ፣ ለምን አትደውልለትም?"

"አሁን ከተጠገነ እርካታው ይባክናል።"

"ምኑ?"

"የሕዝቡ እርካታ። ለምርጫው ዋዜማ ነው የያዝኩት።"

ጀሪካኑን አስቀመጠችና ላቧን እየጠረገች ትክ ብላ አየችኝ። "ጥሩ። ከነገ ጀምሮ እርካታውን አንተ ትቀዳዋለህ።"

አመራር መሥዋዕትነት ይጠይቃልና ተቀበልኩ። ጨዋታው ላይ ደረጃ መውጣት የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ያቺ ልብስ ሰፊ ይህንን በየቀኑ ልትወጣው ነው እንዴ ብዬ አዘንኩ፤ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ቢሆንም ፖሊሲ በሐዘን አይቀየርምና ቀጠልኩ። ሰነባብቶ ግን ደረጃው ላይ የማገኘው ሰው ሁሉ ፈገግ እያለ "በርታ ሊቀመንበር!" ይለኝ ጀመር። ሳልጠግን ተወደድኩ! ይህን ደሴቲቱ ላይ እንኳ አላየሁትም።

በምርጫው ዋዜማ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ለጠጋኙ ደወልኩ።

"ጌታዬ፣ እሱን እኮ ባለፈው ሳምንት ጠግኜዋለሁ" አለኝ። "ልብስ ሰፊዋ ደወለችልኝ፣ ዘበኛው የፓምፑን ክፍል በትርፍ ቁልፍ ከፈተልኝ። ደግሞ ተበላሸ እንዴ?"

ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ባለቤቴ ከመታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብላ የቤታችንን የውሃ መዝጊያ በእርጋታ ከፈተችው። ውሃው ተንዠቀዠቀ።

"ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ቀን የተሸከምኩት?"

"ፖሊሲህን ላለማደናቀፍ ብዬ ነው።"

በማግስቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እየተመኘሁ ስብሰባው ላይ ተቀመጥኩ። ልሻር ነው። ለካ ሹመቱን ወድጄዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ተነሣች።

"ያለፈው ሊቀመንበራችን ትጉህ ነበሩ" አለች። "ግቢውን አስቆፍረው አስደፈኑ። አጥሩን አስፈርሰው አሠሩ፣ ቀለሙን አልወደድኩትም ብለው ደግሞ አስፈረሱ። በየሳምንቱ ስብሰባ! ልብስ የምሰፋበት ጊዜ እስካጣ ድረስ መሩን። ይሄኛው ግን ይመስገነው፣ ደሴቱ ላይ ነው። ፓምፑ ሲበላሽ ራሳችን ተጠራርተን አስጠገንነው፤ እንደውም ተዋወቅን። እኔ ይቀጥልልን ባይ ነኝ።"

አዳራሹ በእጅ ተሞላ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ፤ ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም። እንዲህ ያለ ድል ተጎናጽፎ እንደኔ ያፈረ መሪ ያለ አይመስለኝም።

ደረጃውን ስንወጣ ባለቤቴን ጎነጥ አደረግኳት። "ሌላው ይሁን። አንቺ ከሁሉ ቀድመሽ እጅሽን ያወጣሽው ለምንድነው?"

"ሥልጣን ከለቀቅክ" አለች፣ "ቤት ገብተህ እኔን ትመራለህ ብዬ ፈርቼ ነዋ።"