የኢንጂነር ኢሕሳን ማስታወቂያዎች

ካይሮ መልካም አስተዳደር በተራበችበት ዘመን፣ አንዲት ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ብቻ ጠግባ ታድር ነበር። ያጠገቧት የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ኢንጂነር ኢሕሳን ናቸው። ከመስኖ መሥሪያ ቤት በጡረታ ከተሰናበቱ ወዲህ ሕንፃዋን የሚያስተዳድሩት በማስታወቂያ ነው። ስለ ሊፍት አዘጋግ፣ ስለ ምንጣፍ አረጋገፍ፣ በረንዳ ላይ ስለሚሰጣ የውስጥ ልብስ ቀለም ሳይቀር አውጥተዋል። እያንዳንዱን በታይፕ ይጽፋሉ፣ ማኅተም ይመታሉ፣ አጥፈው በሠላሳ ስድስቱ በሮች ሥር በገዛ እጃቸው ያስገባሉ። ለአገር መትረፍ የሚገባው ሰው በአንድ ደረጃ ተወስኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

እኔ የጎረቤቱን ሕንፃ ቆሻሻ የማነሣ ሰው ነኝ። የዚህችኛዋን የሚያነሣው ባልንጀራዬ ዋዲዕ ነበር፤ ከእሱ በፊት አባቱ። ሁላችንም የምንኖረው ሙቀጠም ተራራ ሥር ነው። ከተማው የጣለውን ተሸክመን እንገባለን፤ ሚስቶቻችን ቁጭ ብለው ይለዩታል። ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ፣ ፍርፋሪው ለአሳማዎቹ። የዋዲዕ አምስት ልጆች የበሉትም የተማሩትም ከእነዚያ ዘጠኝ ፎቆች ነው።

አንድ ሰኞ ማስታወቂያ ቁጥር አርባ አንድ ወጣ። «ሕንፃችን ወደ ሥልጣኔ የምታደርገውን ግስጋሴ ለማፋጠን ሲባል፣ ጆንያ ተሸካሚው እንዲሰናበት፣ በምትኩም አራት ዘመናዊ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች እንዲተከሉ ተወስኗል። ቆሻሻው በየዕለቱ ይነሣል» ይላል። ማን እንደሚያነሣው አይልም። ታላላቅ ውሳኔዎች እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር አይጨነቁም።

ዋዲዕ ጆንያውን እንደተሸከመ ደረጃው ላይ አገኛቸው።

«ኢንጂነር፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። ጆንያ ዱሮ ቀረ፣ ልጄ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት'ኮ ተመላልሻለሁ።»

«ኮሚቴው ይህንን በአድናቆት መዝግቦታል።»

ዋዲዕ ጆንያውን አጣጥፎ ወረደ። ሦስት ቀን አሳማዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። የኔን ሕንፃ እንካፈል ብዬ ብጠይቀው፣ «የሰው ደረጃ አልወጣም» አለኝ።

ማጠራቀሚያዎቹ ሪባን ተቆርጦ ተመረቁ። እጅ ሲጠጋቸው ክዳናቸው በራሱ ይከፈታል። የቴክኖሎጂው ብቸኛ ጉድለት የሰውን እጅ ከድመት እግር አለመለየቱ ነው። የሰፈሩ ድመቶች ይህን ለመረዳት ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም፤ ገቡ፣ ክዳኑም ላያቸው ላይ ተዘጋ። በማግስቱ የሥልጣኔ ምልክቶቹ እያለቀሱ ተገኙ። የሁለተኛ ፎቋ አሮጊት ቆሻሻ ልትጥል እጇን ብትዘረጋ፣ ሦስት ድመቶች ዘለው ደረቷ ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲያ የቀረባቸው የለም። ኢንጂነር ኢሕሳን ሳይውሉ ሳያድሩ ማስታወቂያ ቁጥር አርባ ሁለትን አወጡ፤ ድመቶች ወደ ማጠራቀሚያው እንዳይገቡ በጥብቅ የሚከለክል ነው።

በአምስተኛው ቀን ሞልተው ፈሰሱ። ዘበኛው ዐብዱልባሲጥ ተጠራ።

«ለምን አልተነሣም?»

«እርስዎ ያሉኝ ‹ይነሣል› ነው፣ ኢንጂነር።»

«ታዲያ?»

«እኔም እስኪነሣ እየጠበቅሁ ነው።»

ነዋሪዎቹ በየራሳቸው መላ መቱ። የስድስተኛ ፎቋ የጥርስ ሐኪም ዶክተር ኒቪን ቆሻሻዋን በስጦታ ወረቀት ጠቅልላ፣ ቀይ ሪባን አስራ፣ ታክሲ ውስጥ ረስታ ወረደች። ሾፌሩ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ኖሮ ሦስት መንገድ ሮጦ፣ «እመቤቴ፣ ስጦታዎን ረስተዋል» ብሎ አስረከባት። ጡረተኛው ዳኛ ጠዋት ጠዋት ሻንጣ ይዘው ይወጣሉ፤ ዐብዱልባሲጥም በሰላም ይግቡ እያለ ይሸኛቸዋል። አንዱን ነዋሪ ባለ ሞተር ሌባ ከረጢቱን ነጥቆት በረረ። ሌባው የተያዘው ከረጢቱን ሊመልስ ሲመጣ ነው።

ኮሚቴው አሁንም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በማስታወቂያ ቁጥር አርባ ሦስት ነዋሪዎች ቆሻሻ ከማምረት እንዲቆጠቡ አሳሰበ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ኢንጂነር ኢሕሳን አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ወደኔ መጡ። «ያ ሰውዬ የት ነው የሚኖረው?» አሉኝ። ጋሪዬ ላይ ከጭነቴ ጋር አሳፍሬ ሙቀጠም አደረስኳቸው።

ዋዲዕ ከበሩ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ጉዳያቸውን ሰምቶ ግን፣ «ቆሻሻውን የምትለየው እሷ ናት፣ እሷን ይጠይቁ» አላቸው። ሚስቱ፣ በበኩር ልጇ ስም ኡም ላቢብ የምንላት፣ ወረቀት መሀል ተቀምጣለች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለች። «መልክዎን አይቼ አላውቅም፣ በጽሑፍዎ ነው የማውቅዎት።»

«አንቺ? በየትኛው ጽሑፍ?»

ኡም ላቢብ ከጀርባዋ አንድ ክላሰር አወጣች። አርባ አንድ ማስታወቂያዎች በቁጥር ተሰድረውበታል።

«የጎልማሶች ትምህርት ስገባ መጽሐፍ አልነበረኝም። የእርስዎ ወረቀት ንጹሕ ነው፣ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ከሠላሳ አምስት ቤት እንደታጠፈ ይመጣል።»

«ከሠላሳ ስድስተኛውስ?» አሉ ኢንጂነሩ፣ ተስፋ አድርገው።

«ያኛው የዓሣ አጥንት ተጠቅልሎበት ነው።»

ኢንጂነር ኢሕሳን የታሰረ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። መሐረቡ ከአፍንጫቸው ወደ ዓይናቸው ወጣ።

«ማንም አላነበበውም?»

«እኔ አንብቤዋለሁ እንጂ። የሊፍቱን በቃሌ እወጣዋለሁ።» ወጣችውም፣ ከነማኅተሙ ቃል። ሰውዬው ሲሰሙ ከንፈራቸው አብሯት ይንቀሳቀስ ነበር። «አንቺ» ብለው የጀመሯትን ሴትዮ እዚህ ላይ «እርስዎ» ማለት ጀመሩ።

«የትኛውን ወደዱት?»

«የምንጣፉን። አርባ አንደኛው ግን ረቂቁ ይሻል ነበር።»

«ረቂቁን የት አዩት?»

«ቀደው ጥለውት መጣ፣ ገጣጥሜ አነበብኩት። ረቂቁ ላይ ‹ታታሪው ዋዲዕ› ብለውት ነበር። ዋዲዕ በተሰናበተ ዕለት ይዞት በመጣው ዋናው ላይ ‹ጆንያ ተሸካሚው› ሆነ። ለምን ሰረዙት?»

ኢንጂነሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኦፊሴላዊ ጽሑፍ አጠር ማለት አለበት ብዬ ነው።»

«ያም ሁለት ቃል፣ ይሄም ሁለት ቃል» አለች።

ዋዲዕ ፊቱን ወደ አሳማዎቹ አዞረ። ከዚያ ኢንጂነሩ ከደረት ኪሳቸው ብዕር አወጡ፣ «እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍ» አሉ።

ማስታወቂያ ቁጥር አርባ አራት የተረቀቀው እዚያው ካርቶን ላይ ነው። «ታታሪው ዋዲዕ ከቅዳሜ ጀምሮ ይመለሳል። ቆሻሻውን የሚያነሣው ዋዲዕ ነው። ነዋሪዎች ፍርፋሪውን ከወረቀት ለይተው ይጠብቁት።» ኢንጂነር ኢሕሳን ‹ወደ ሥልጣኔ የምታደርገውን ግስጋሴ› ለማስገባት ሁለት ጊዜ ለምነው ነበር፤ አልተፈቀደላቸውም። እቤታቸው በታይፕ ጽፈው፣ ማኅተም መትተው፣ በሠላሳ ስድስቱ በሮች ሥር አስገቡት።

ቅዳሜ ዋዲዕ ደረጃውን ወጣ። ሰው ሁሉ በር ከፍቶ «ማን አመጣህ?» ይለዋል፣ እንደ ቅዱስ ተገለጠልን በሚል ፊት። የጥርስ ሐኪሟ ጉንጩን ልትስመው ምንም አልቀራት። ፍርፋሪውን የለየ አንድም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ኡም ላቢብ ጆንያውን ገለበጠችው። ሠላሳ ስድስቱም ማስታወቂያዎች እንደታጠፉ ወጡ። አንዱን ከፍታ አነበበችው፤ አንዲት የተሳሳተች ፊደል አገኘች። በቀይ እስክሪብቶ አርማት፣ ወረቀቱን መልሳ አጥፋ፣ በማግስቱ ዋዲዕ ኢንጂነሩ በር ሥር እንዲያስገባላት ሰጠችው።

ኢንጂነር ኢሕሳን ወዲያው ከፍተው አነበቡት። በዚያች ሕንፃ ውስጥ የተነበበ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ያ ነው።