ከኋላ ወንበር የተቀዳው ድምፅ

እስቲ ቁጭ በሉ። ዛሬ አርባ ተማሪ ፊት የሙት ድምፅ በስፒከር ለቅቄ መጣሁ! እውነቴን ነው፣ አትሳቁ።

ለማታውቁኝ፣ የአርባ ሰባት ዓመት ሴትዮ ነኝ። ጊንጪ፣ ወረዳ ቢሮ፣ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ሁለት ልጅ ድሬ ስጨርስ ዘንድሮ ዲግሪ ልያዝ ብዬ አምቦ የቅዳሜ ክላስ ተመዘገብኩ።

ስታትስቲክስ የሚባል መከራ አለ።

የምንማርበት አዳራሽ ከግቢው ጫፍ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። ጠዋት ጭጋጉ በመስኮት ይገባል፤ በሩም ማንም ሳይነካው ሲጥጥ ይላል። እኔ ከኋላ ጥግ ላይ ብቻዬን ነኝ። ልጆቹ አክብረውኝ መሰለኝ ግራና ቀኜን ባዶ ወንበር ይተዉልኛል።

መምህሩ ስለሚፈጥንብኝ ባለፈው ቅዳሜ ሌክቸሩን በስልኬ ቀዳሁት። ረቡዕ ቢሮ፣ ፋይሎቹ መሀል ቁጭ ብዬ፣ ኢርፎን ሰክቼ ከፈትኩት።

ከመምህሩ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ አለ!

የሴት ነው። የደከመ፣ የሚያቃስት። «አልገባኝም... ኧረ አልገባኝም...» ይላል። ቆየት ብሎ «ማል ወያ፣ ምን ይሻላል...»። ከዚያ በጣም ቀረብ ብሎ፣ ጆሮዬ ሥር፣ «ተይው። በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግልሻል? ይቅርብሽ» አለኝ።

ኢርፎኑን ወረወርኩት። አጠገቤ ሰው አይቀመጥም ብያችኋለሁ እኮ! ታዲያ ማን ነው የሚያንሾካሹከው?

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ድምፁ የእናቴን መምሰሉ ነው። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። እናቴ ከመቃብር ተነስታ አትማሪ ካለችኝ ምን ብዬ እከራከራለሁ? ዛሬ ጠዋት ሬጅስትራር ሄጄ የማቋረጫ ፎርም ወሰድኩ። «ምክንያት» የሚለው ላይ «የግል ጉዳይ» ብዬ ሞላሁ። መንፈስ ብዬ ብጽፍ ማን ማኅተም ይመታልኛል?

መንገዴን ጥበቃውን ኦቦ ለታን ስለ አዳራሹ ጠየቅኋቸው። ወዲያ ወዲህ ገልመጥ አሉና «እዚያ ቤት ሰው ሳይኖር ወንበር ሲጎተት እሰማለሁ» አሉኝ።

አለቀ! ማስረጃው ተሟላ።

ፎርሙን ከማስገባቴ በፊት ግን ልጆቹ አሳዘኑኝ። ሳላስጠነቅቃቸው ጥዬ መሄዱ ግፍ መሰለኝ። መምህሩ ሳይመጣ ፊት ወጣሁ። «ልጆቼ፣ ይሄ ቤት ጤነኛ አይደለም» አልኩና ስልኬን ከስፒከሩ ጋር አገናኝቼ ለቀቅኩት።

«ይቅርብሽ...» አለ አዳራሹ በሙሉ። ቆርቆሮው ተቀብሎ ደገመው።

ማንም አልጮኸም። ማንም አልሳቀም። አርባ ሰው እኔን ያያል።

ፊት የምትቀመጠው ጫልቱ፣ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ናት፣ ቀስ ብላ «አዴ አልማዝ፣ ይሄ እኮ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። «ሁልጊዜ እንዲህ ይላሉ። መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎን ነበር።»

በሐሳቤ ያልኩት የመሰለኝን ሁሉ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ በአፌ ስለው ኖሬያለሁ!

ላጠፋው ስሮጥ ቅጂው ቀደመኝ። «ይሄ ልጅ ደግሞ እዚህ ሱሪ ውስጥ እንዴት ገባ?» አለ። ዞር ስል ባለ ጠባብ ሱሪው ወጣቱ መምህራችን በር ላይ ቆሟል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

እሱ ግን ጉሮሮውን ጠራረገና «አዴ አልማዝ፣ ‹አልገባኝም› ሲሉ እየሰማሁ እኮ ነው ደግሜ የማስረዳው» አለኝ። ጫልቱም ቀበል አድርጋ «እኛ መጠየቅ እናፍራለን። እርስዎ ከቀሩ ማን ያስደግምልናል?» አለች።

እጄ ላይ ያለውን ፎርም አየሁት። ሃያ ዓመት ያልተማርኩት በባሌ፣ በልጆቼ፣ በሥራዬ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስትከለክለኝ የኖረችው እኔው ራሴ ነኝ። እናቴን ያለ ኃጢአቷ አማኋት። ምን እዋሻችኋለሁ፣ አለቀስኩ። ፎርሙን እዚያው ቀደድኩት።

ቤት ስገባ ባሌን «ለመሆኑ እኔ ብቻዬን አወራለሁ?» አልኩት።

ቀና ብሎ ትንሽ አየኝና «አሁን የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ ወይስ ያቺኛዋ?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ቤት ስንት ሆነን ነው የኖርነው?

ለማንኛውም የሚመጣው ቅዳሜ ሁለታችንም ክላስ እንገባለን። ከሁለታችን አንዷ እንኳ ብታልፍ ምናለበት?