የጋሽ ተገኘ ባዶ መዝገብ

ጋሽ ተገኘ መጽሐፉን ከጽናት እጅ ወሰዱ። ሽፋኑን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ወደ መደርደሪያው መለሱትና የተንጠለጠለውን የበግ ጠጉር ባና እንደ መጋረጃ ሳቡበት።

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«ደርቋል?»

ጽናት መዳፎቿን ዘርግታ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አዩ፤ አንድ እጇን ወደ መስኮቱ አዙረው ደግመው አዩ።

«ትንሽ ይቆይ» አሉ።

አገሩን ሙሉ ቢዞሩ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት አይገኝም፤ ቁልፍ ያዡ። ዕቃው የሕዝብ ነው፣ ወንበሩ የሕዝብ ነው፣ ክፍሉም የሕዝብ ነው፤ የቁልፍ ያዡ ጭንቀት ሕዝቡ እንዳይመጣ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ አዲሱን ኳስ መጋዘን ቆልፎበት ልጆቹን በጨርቅ ኳስ ያጫውታል። ቀበሌ ውስጥ ወንበሮቹን ግድግዳ አስደግፎ ባለጉዳዩን ደጃፍ ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል። ጽናት በዞኑ የጥራት ቡድን ውስጥ ሆና ስድስት ዓመት ጤና ተቋማትን ስትመዝን የዚህን ሰው ወንድሞች በየወረዳው አግኝታለች። የአሞራ ሜዳ ሆስፒታል ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ክቡር ጋሽ ተገኘ፣ ግን የሁሉም ታላቅ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አባታቸው ጓሳን፣ አገሬው በጋራ የሚጠብቀውን የሣር መሬት፣ ይጠብቁ ነበር። ሣሩ በተዘጋበት ወራት በግ አስገብቶ የወጣን ሰው ገበያ መሐል በጫማው ጭቃ ይለዩታል ይባልላቸው ነበር። ልጃቸው ያንን ዓይን ወርሰው ቤተ መጻሕፍት ገቡ።

ጽናት ይዛ የመጣችው ቅጽ ሃያ ጥያቄ አለው። አንዱ ጥያቄ አንድ ነጥብ ነው። ከአሥር በታች ያገኘ የሆስፒታል ቤተ መጻሕፍት አገልግሎቱ ይቆማል፤ መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽገው ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባሉ፤ ክፍሉ ለሌላ ሥራ ይውላል። ሌላው ሥራ ምን እንደሆነ የሚጠራጠር አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንድምአገኝ የስብሰባ ክፍል ይፈልጋሉ። ሶፋው ከመጣ አሥር ቀኑ ነው፤ ከነላስቲኩ ኮሪደር ላይ ቆሞ በሽተኞች ተራ ይጠብቁበታል።

«እንጀምር ጋሽ ተገኘ» አለች ጽናት።

«እኔ ከጀመርኩ ቆየሁ፤ አንቺ ጀምሪ።»

«መጻሕፍቱ በምን ቅደም ተከተል ነው የተቀመጡት? በፊደል ነው?»

«በሰው ነው።»

«በሰው?»

ባናውን በስስት ገለጥ አደረጉት። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የአእምሮ፣ የዓይንና የጆሮ መጻሕፍት አሉ። ቀጥሎ ልብና ሳንባ። ከዚያ ሆድ፤ ከሆድ በታች ኩላሊትና ማሕፀን። ወለሉን ሊነካ ምንም ያልቀረው መደርደሪያ ስለ ስብራትና ስለ እግር ቁስል ነው።

«እግዜር ሰውን በፊደል ተራ አልሠራውም» አሉ። «ነርሷ በሽተኛው የቱ ጋ እንዳመመው ታውቃለች። እጇን እዚያው ትሰዳለች፣ አለቀ።»

«የቆዳስ?»

«ቆዳ ሁሉን ይሸፍናል። ከላይ አጋድመነዋል።»

ጽናት «ግልጽ የአደራደር ሥርዓት አለ» ከሚለው ጎን ምልክት አደረገች። እጇ ትንሽ አመንትቶ ነበር።

ጥግ ላይ በሲባጎ የታሰሩ መጻሕፍት ተቆልለዋል። «እነዚህስ ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?» አለች።

«ተሽረዋል። አዲስ መመሪያ ሲመጣ አሮጌውን አስረዋለሁ። የመድኃኒቱ መጠን ተቀይሯላ! ይህንን ፈትቶ የሠራበት ሰው በሽተኛ ይጎዳል። ቋጠሮውን እይው፤ በጥርስም አይፈታም።»

በሄደችባቸው ተቋማት ሁሉ የተሻረው መመሪያና አዲሱ አንድ መደርደሪያ ላይ ተቃቅፈው ነው የሚገኙት። ሌላ ነጥብ ሰጠች።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ጥያቄዎች ሲያልቁ ጋሽ ተገኘ ሰባት ነጥብ ያዙ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስለ ኮምፒውተርና ስለ ኢንተርኔት ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፣ ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሰንብቷል፤ እነሱ ቀሩ። በመሐል ያሉት ስምንቱ ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ነገር ላይ የቆሙ ናቸው፤ ባለፉት ሦስት ወራት ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ መልስ አገኘ ወይ።

«የተጠቃሚ መዝገብ?»

ጋሽ ተገኘ መሳቢያ ከፍተው አንድ ትልቅ መዝገብ አወጡ። ቀን፣ ስም፣ ሙያ፣ የመጡበት ጉዳይ፣ ፊርማ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ በማስመሪያ ተሠምሯል። ጽናት ገለጠች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ተሞልተዋል። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ፊደል የለበትም።

«ሰው አይመጣም ማለት ነው?»

«ይመጣል።»

«ታዲያ ለምን አይፈርምም?»

«እኔ አላስፈርምም።»

ለምን ብላ ሳትጨርስ ስልካቸው ጮኸ። ያችን ቁልፍ ያላትን ትንሽዬ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የሴት ድምፅ ነው፤ ቸኩሏል። ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለሆነ ጽናት ሁሉንም ሰማች። ጓሳ ጥግ ካለ ጤና ጣቢያ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ በፕላስቲክ ኮዳ የተቀመጠ የበግ እከክ ማጠቢያ ጠጥታለች። ምራቋ ይዝረበረባል፤ የዓይኗ ብሌን ጠብቧል። ደዋይዋ ሐኪም የምትሰጠውን ታውቃለች፤ መጠኑን ነው መጠራጠሯ። ስልኳ ላይ ያስቀመጠችው ፋይል አልከፈትም ብሏታል።

«ክብደቷን መዝነሻል?» አሉ ጋሽ ተገኘ።

«መዝኛለሁ ጋሼ፣ ቶሎ በሉልኝ!»

«የማጠቢያውን ስም ከዕቃው ላይ አንብቢልኝ። ፊደል በፊደል።»

አነበበች። ጋሽ ተገኘ እየሰሙ በሌላው እጃቸው ባናውን ገልጠው መመሪያውን አውጥተው ነበር። ገጹን ለማግኘት አላገላበጡም፤ እጃቸው ራሱ ሄደ። ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። እንግሊዝኛውን እንደ ዳዊት ነው የሚያነቡት፤ ሳይቸኩሉ፣ አንድ ቃል ሳይዘሉ፣ ነጥቡ ላይ ትንፋሽ እየወሰዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ ዝም ይላሉ።

«ቃሉን መልሺ።»

ሴቲቱ ትደግማለች። ከተሳሳተች እንደገና ያነባሉ። የኔታ ዘንድ የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት ነው። ልብሷን አውልቁ፣ ገላዋን በሳሙና እጠቡ፣ እናንተም ጓንት አድርጉ፤ ይህም ተደገመ። መጠኑ ላይ ሲደርሱ ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

«ጋሼ፣ ልጀምረው አይደል?»

«እኔ አነባለሁ እንጂ አላክምም። ሐኪሟ አንቺ ነሽ። መጽሐፉ ያለው ይኸው ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ተገኘ መጽሐፉን ጠርገው መለሱት።

«ማን ናት?» አለች ጽናት።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው።»

ጽናት ሰዓቷን አየች። የተሳሳተው ቁጥር አሥራ አራት ደቂቃ ፈጅቷል።

«ጋሽ ተገኘ፣ እንዲህ ያለ ስልክ በወር ስንት ይመጣል?»

«እኔ እንጃ። አልቆጥርም።» ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «እዚህ አንድ ወጣት ሐኪም ነበር። ጨዋ ልጅ። መጥቶ አነበበና ፈረመ፤ የመጡበት ጉዳይ በሚለው ሥር የሕፃናት መድኃኒት መጠን ለማየት ብሎ ጻፈ። አንዱ መዝገቡን ገልጦ አይቶ በማግስቱ የጠዋት ስብሰባ ላይ ዶክተራችን ገና ትምህርቱን አልጨረሰም ብሎ አሳቀበት። ልጁ ሁለተኛ እዚህ አልመጣም። በዚያው ሳምንት አንድ ሕፃን ላይ በግምት ሠራ።»

«ሕፃኑስ?»

«ደብረ ብርሃን ተልኮ ተረፈ። እኔ ግን ያን ቀን መዝገቡን ዘጋሁት። የጠየቀ ሰው ስሙ አይጻፍም።»

«አሥር ስም ብቻ ይስጡኝ። ለማንም አላሳይም።»

«የንስሐ አባትሽ ስም ሲሰጡ ሰምተሻል?»

«መዝገቡ ባዶ ከሆነ እኮ ሰባት ነው የሚያገኙት። ክፍሉ ይዘጋል።»

«ይዘጋ። ስልኩ የኔ ነው።»

«መጻሕፍቱ ታሽገው ግምጃ ቤት ሲገቡ በስልኩ ምን ያነቡላቸዋል?»

ጋሽ ተገኘ ተነሡ። ያልተጣመመውን ባና አቃኑት።

ከምሳ በኋላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ያው ድምፅ ነበር፤ አሁን ግን አይቸኩልም። ልጅቷ ነቅታ ውኃ ጠይቃለች። ጋሽ ተገኘ «እሰይ» ብለው ዘጉና ወደ ጽናት ዞሩ።

«ያው የተሳሳተው ቁጥር ነው» አሉ።

ጽናት ቅጿን ይዛ ወጣች። መጀመሪያ ያገኘችው ዶክተር አስቻለውን ነው።

«ቤተ መጻሕፍት?» አለ። «አለን እንዴ?»

ከጋውኑ ኪስ አንዲት ወረቀት ብቅ ብላ ትታያለች። የመድኃኒቱ ስም በቀይ ቀለም፣ መጠኑ በጥቁር፣ እንደ ብራና መጽሐፍ ተጽፏል። ሆስፒታሉ ውስጥ እንዲህ የሚጽፍ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ሲስተር ጌታነሽ ደግሞ ወገቧን ይዛ ቆመች። «እኔ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። እዚያ ሄጄ ምን ላደርግ? እጄን ሊያስታጥቡኝ?» ከኋላዋ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ በር ላይ ሦስት ቀይና ጥቁር ወረቀቶች ተለጥፈዋል።

ላቦራቶሪውም፣ ማዋለጃ ክፍሉም፣ ፋርማሲውም እንዲሁ ነው። ማንም አልሄደም፣ ማንም አልጠየቀም፣ ሁሉም ከተወለደ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ጽናት አልተከራከረችም። ለእያንዳንዱ ያው አንድ ነገር ነገረችው፦ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቅጹን እዘጋለሁ። መዝገቡ ባዶ ከሆነ መጻሕፍቱ ይታሸጋሉ። ማረጋገጥ የምችለውን ብቻ ነው የምጽፈው።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርስ የቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ሰልፍ አለ። የተሰለፈው ሁሉ እጁን ዘርግቷል። ጋሽ ተገኘ በሩ ላይ ቆመው አንድ በአንድ ያያሉ።

«አንተ፣ ይህ ጥፍር ነው ማረሻ?»

«ጋሼ፣ ልፈርም ብቻ እኮ ነው!»

«መዝገቡም ወረቀት ነው። ሂድና ቁረጥ።»

ሰልፉ ሲያልቅ ጽናት መዝገቡን ወሰደች። ሠላሳ ስምንት ሰው ፈርሟል። ዶክተር አስቻለው በመጡበት ጉዳይ ሥር «ሲስተር ጌታነሽን አጅቤ» ብሎ ጽፏል። ሲስተር ጌታነሽ «ዶክተር አስቻለውን አጅቤ» ብላለች። አጃቢ ሃያ ስድስት ነው፤ የታጀበ አንድም የለም። የላቦራቶሪው ባለሙያ «ዝናብ አስጠልሎኝ» ብሏል፤ መጣሁበት ብሎ የጻፈው ቀን ግን ጥር አሥራ ስምንት፣ ደረቅ በጋ ነው። አቶ ወንድምአገኝም ፈርመዋል፤ «ሶፋው በበሩ ያልፍ እንደሆነ ለመለካት»። ከሠላሳ ስምንቱ እውነተኛውን ጉዳይ የጻፉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በቀኑ ግን ማንም አልቀለደም። ትናንት ብሎ የጻፈ የለም። ታኅሣሥ ሃያ አንድ፣ ጥር አራት፣ የካቲት ሁለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ ሰዓቱን ሳይቀር ያስታወሱ አሉ። ጽናት አምስት ቀን መረጠችና የተኝቶ ታካሚዎችን መዝገብ አስወጥታ አስተያየች። በአምስቱም ቀናት አንድ ከባድ በሽተኛ ገብቷል። አምስቱም ድነው ወጥተዋል።

ተጠቃሚዎቹ የመጡበት ቀን ስለተረጋገጠ ነጥቡን ሰጠች፤ ስለ ጉዳዩ ለሚጠይቁት ሁለቱ ግን አልሰጠችም፣ አጃቢነት ጥያቄ አይደለምና። ከስምንቱ ስድስት ሆነ። የማሻሻያ ሐሳብ በሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «የጠያቂዎች ስም አይመዝገብ። በጭረት ይቆጠር።»

አነበበችላቸው። ጋሽ ተገኘ አሰቡበት።

«ጭረት አያሳፍርም» አሉ።

ጽናት ወረቀቷን ከሰበሰበች በኋላ አልተነሣችም። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ዘጋች። አባቷ የሚወስዱት ሁለት መድኃኒት እንዳለ፣ አብረው ይወሰዱ እንደሆነ እንደማታውቅ፣ አባቷን ሐኪም ቤት ስታመላልሳቸው ሦስት ወር ቢሆናትም መጠየቅ እንዳፈረች ቀስ ብላ ተናገረች። ለስድስት ዓመት የሌላውን ጥራት ስትመዝን የኖረች ሴት ይህን መጠየቅ ከበዳት።

ጋሽ ተገኘ እጇን አላዩም። ባናውን ገልጠው ከልብ መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አወጡ፤ አነበቡላት።

«ቃሉን መልሺ።»

መለሰች።

«የቀረውን ሐኪሙን ጠይቂው፤ ገጹን ጽፌ እሰጥሻለሁ።» ቀይና ጥቁሩን ወረቀት ሰጧት። ከዚያ አዲስ ገጽ ገልጠው ስም ሳይጽፉ አንዲት ጭረት አሠመሩ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት።

ቤተ መጻሕፍቱ ከሃያ አሥራ ሦስት አገኘ። ጋሽ ተገኘ በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ጡረታ ወጡ። ሆስፒታሉ ጭረቶቹን ቆጥሮ በቦታቸው ሁለት ሰው ቀጠረ።