በገደል የተወረወረው አቁማዳ

ደገኛ እጅግ ንጹሕ ሰው ነው፤ ገደል አለዋ። አንባቢዬ፣ አትቆጣኝ። ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው የጣለውን ነገ መልሶ ያየዋል። የአንኮበር ሰው ግን ወርወር ካደረገ በኋላ እጁን አራግፎ፣ ከዚህ ወዲያ የእግዜር ሥራ ነው ብሎ ቤቱ ይገባል። ይህን የምለው አገሬን ለማማት አይደለም… ወርዋሪው እኔ ነበርሁ።

ጊዜው ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ እንጦጦ በሄደበት ሰሞን፣ ከክፉ ቀን ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እኔ ጢሜ ገና ያቀመቀመ ጎረምሳ ነኝ። በአንድ የቄስ ትምህርት ቤት የተማሪ አለቃ ሆኜ ሕፃናቱን ፊደል አስቆጥራለሁ። መምህራችን የኔታ ተክሌ ይባላሉ። ፈንጣጣ ሰላ ድንጋይ ገባ ተብሎ ሲወራ የኔታ እንቅልፍ አጡ። እሳቸው ክታብ ያውቃሉ እንጂ ክትባት አያውቁም፤ ቢሆንም ጨንቋቸው ከታቢ አስመጡ። ሰውዬው ፈንጣጣ ቀለል ካለለት በሽተኛ የወሰደውን መግል በማር ለውሶ፣ የልጆቹን ክንድ በምላጭ ጫር እያደረገ ቀባ። የኔታም ለማንኛውም ብለው በያንዳንዱ አንገት ክታብ አንጠለጠሉበት። ልጆቹ ጥቂት ቀን አተኮሳቸው፣ አበጡ፣ ዳኑ። ያዳናቸው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከልጆቹ መዳን በኋላ የቀረው ቁስሉ የታሰረበት ጨርቅ፣ የረገፈው ቅርፊትና የደነዘው ምላጭ ነው። ከታቢው እኔ የተጠራሁት ላክም እንጂ ልጠርግ አይደለም ብሎ በቅሎውን ጭኖ ሄደ። ስለዚህ ሽማግሌ ተሰበሰበ። አንዱ ይቃጠል አለ፤ ሌላው በሽታው በጭሱ ተነሥቶ ቤታችን ይገባል አለ። ይቀበር ሲባል፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ መግል አይቀበርም ተባለ፤ ከግቢው ውጭ ያለው መሬት ደግሞ ሁሉም ባለርስት አለው፣ ባለርስቶቹም እዚያው ተቀምጠዋል። ወንዝ የሚል ቢነሣ፣ ጠጪዎቹ እኛው ነን። ቀትር ሆነ። ሁሉም ራበው። በመጨረሻ አንድ ዝም ብለው የቆዩ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ታች ይጣል» አሉ።

እንዲህ ያለ ብልህ ፍርድ ከዚያ በፊት የሰማ ያለ አይመስልም። ተመራርቀው ተነሡ። እኔም ሁሉንም በአንድ አሮጌ አቁማዳ ከትቼ ገደሉ አፋፍ ድረስ ወሰድሁና ወረወርሁት። አቁማዳው የእህል መያዣችን ስለነበር፣ የትምህርት ቤታችን ስም በገዛ እጄ ጽሕፈት ተጽፎበታል። ጽሕፈቴ ደግሞ ያምር ነበር! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ…

በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት አቁማዳውን ባህያ ጭና ከቆላ ወጣች። ዘሃራ ትባላለች፤ ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው መንገድ፣ ከገደሉ ሥር፣ ጥጥ ትዘራለች። ጽሕፈቱን አንድ ነጋዴ አንብቦላታል። ለየኔታ እጅ ነሥታ፣ «አባቴ፣ ይህ ከናንተ ወድቆ ነው መሰለኝ። ትቸገሩ ይሆናል ብዬ አመጣሁላችሁ» አለች።

ብትሰድበን ይሻለን ነበር። የኔታ መሬት መሬቱን ሲያዩ፣ እሷ ድምፅዋን ሳትለውጥ የቀረውን ነገረቻቸው። አቁማዳው ሲወድቅ ተቀዶ ኖሮ፣ ሐዋ የምትባል የስድስት ዓመት የልጅ ልጇ አንዱን ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሕፃን ነው ብላ አዝላው ውላለች። ሐዋ ተከትባ አታውቅም።

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ በልጅነቴ ፈንጣጣ ያለፈብኝ፣ ፊቴ እንደ ወንፊት የሆነ ሰው ነኝ።

«አንተን በሽታው አይይዝህም» አሉኝ። «የጣልኸውም አንተ ነህ። ውረድ።»

የፈረደው ሽማግሌ፣ የሚወርደው እኔ! ግን ወረድሁ። ዘሃራም በልጅነቷ ታማ የዳነች ናት፤ ስለዚህ ሐዋን ከመንደሩ ለይተን በማሳው ዳር ጎጆ ውስጥ ሁለታችን እንጠብቃት ጀመር። እኔ መዝሙረ ዳዊት በልቤ እደግማለሁ፤ እሷ በወዲያ ጥግ ዱዓዋን ታደርጋለች። እስላም ያረደውን ሥጋ እንደማልበላ ታውቃለችና ቆሎና ወተት ታቀርብልኛለች። ዐሥር ቀን ምንም የለም። እኔ ተርፈናል ማለት ስጀምር ልጅቱ አተኮሳት። ቀጥሎ ሽፍታው ፊቷ ላይ ወጣባት። በዚያ ሳምንት ልጅቱ ውሃ በጠየቀች ቁጥር፣ «ታች ይጣል» የተባለውን እያሰብሁ ቅሉን ይዤ እሮጣለሁ። ዘሃራ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ አለመወቀስ በዳዩን እንዴት እንደሚያቃጥል የሚያውቅ የተበደለ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

አላህም እግዜርም አልጨከኑብን፤ ሐዋ ዳነች። ቅርፊቱ ረግፎ ሲያልቅ፣ ዘሃራ ማሳዋ ጥግ ክንድ ተኩል አስቆፈረችኝና ጨርቁንም ቅርፊቱንም ጨምራ አቃጠለችው፤ አመዱን በድንጋይና በአፈር ደፈነችው። ሽማግሌ አልሰበሰበች፣ ማንንም አላማከረች። ቀትርም አልሆነም።

ወጥቼ ለየኔታ ያየሁትን ነገርኋቸው። እሳቸውም ከገዛ ጓሯቸው ቦታ ቆርሰው ሰጡና ቆፍር አሉኝ። የአንኮበር መሬት ድንጋይ ነው፤ ወገቤ እስኪቆረጥ ቆፈርሁ፤ የተመለሰውንም አቁማዳ እዚያው አቃጥለን ደፈንነው።

በዓመቱ ከታቢው ሲመለስ፣ ዘሃራ የመንደሯን ልጆች አስከትላ ወጣች። የእስላሙም የክርስቲያኑም ልጅ ባንድ ሰልፍ ክንዱን ሰጠ። ሥራው ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ ጉድጓዱን ሊያሳዩዋት በኩራት ወሰዷት። ጎንበስ ብላ አየችው፤ አመሰገነች።

ከዚያ፣ «ሲሞላስ ወዴት ነው የምትጥሉት?» ብላ ጠየቀች።

የኔታ እኔን አዩኝ። እኔ ሽማግሌዎቹን አየሁ። ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ገደሉን አዩ።

እኔ ዶማዬን አነሣሁና ሁለተኛውን ጉድጓድ ጀመርሁ።